ለምርኩዝ ሻይ አይቀዳም

ባለፈው ሳምንት ታሪኬን ስጀምር ያልነበራችሁ ብዙ አልቀረባችሁም፤ በጥቂት መስመር እጨርስላችኋለሁ።

እኔ የላውንደሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። የማወራላችሁ ሰው ጠበቃ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሕመም ዓይኑን ወሰደበት፤ እግሩን ግን አልነካበትም፣ ይሮጣል። ዓይኑ የማያይ ሯጭ ብቻውን አይሮጥም፤ ከጎኑ መሪ ይኖረዋል። በሁለቱ መሃል አጭር ገመድ አለች፤ አንዱ ጫፍ በእሱ ጣቶች ላይ፣ ሌላው በመሪው ጣቶች ላይ ይጠለቃል። መሪው እኔ ነኝ። ገመዷንም የሠራኋት እኔው ነኝ፤ ከተጣለ አንሶላ ጠርዝ ቀድጄ፣ ሦስት አድርጌ ጎንጉኜ። አንድ ዓመት ከአራት ወር አንድ ክንድ በማትሞላ ጨርቅ ተያይዘን ሮጠናል። ስናገር እንደ መንገድ ስለምጎረብጥ «ኮረኮንች» ይለኛል። ይወደኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን... ይህ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ምን ታስጨርሱኛላችሁ?

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ከኪስ ነው። ሰው ልብሱን ለእጥበት ሲያመጣ ኪሱን አይፈትሽም፤ ደረሰኝ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የአስቤዛ ዝርዝር፣ አንዳንዴም የፍቅር ደብዳቤ ይረሳል። ባለቤቱ ካልጠየቀው ቤት ወስጄ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሩጫም እንደዚያው፤ አውቶቡስ እያመለጠኝ ስሮጥ ስሮጥ ነው ሯጭ የሆንኩት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እንድትደነቁ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቴ።

መሪ ከሚመራው ሰው መፍጠን አለበት። እሱ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ እኔ ትንፋሽ ተርፎኝ «ግራ ኩርባ! ጉብታ! ሰው ከፊት!» ማለት አለብኝ። ስንጀምር እንደዚያ ነበርኩ። እሱ ግን በየወሩ እየፈጠነ መጣ። በእኔ ተረከዝ ውስጥ ደግሞ ከአምስት ሳምንት በፊት ምስማር የመሰለ ነገር ገባ። ከአልጋ ስነሳ ይወጋኛል፤ ካውያው ጋ ስቆም ይወጋኛል፤ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ስሮጥማ ያስጮኸኛል። አልጮህም እንጂ። እኔ ባደግኩበት ቤት «አልችልም» የሚል ሰው አልነበረም፤ ያንን ቃል ያወጣ ሰው ቦታውን ያጣል።

ስለዚህ ዋሸሁ። ሰዓቱ የታሰረው በእኔ እጅ ላይ ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ ደቂቃውን የምነግረው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በድፍን አራት ደቂቃ ከሮጠ፣ ግማሽ ማራቶኑን ከአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ በታች ይገባና ለብሔራዊ ቡድኑ ይመረጣል። እኔ ግን ተረከዜን ላሳርፍ ብዬ ቀስ አደርገዋለሁ፤ ሰዓቱ «አራት ከአሥር» እያለኝ «ድፍን አራት!» እለዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ለማያይ ሰው።

ውድድሩ እሁድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ሕሊናዬ አላስበላ አለኝ። በምሳ ሰዓት፣ የካውያው ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀት ዘርግቼ ጻፍኩ። ፊት ለፊት ልነግረው አልችልም ነበር፤ ከድምፄ ብቻ ሁሉን ያውቅብኛል። ፍቅር ሲገለጽ ያየሁትም በኪስ ውስጥ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። እንዲህ ይላል፦

«ሰዓቱን ዋሽቼሃለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድፍን አራት አልሮጥክም፤ ያዘገየሁህ እኔ ነኝ። ተረከዜ ታሟል፤ አንተም ከእኔ ፈጥነሃል። ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ አልመራህም። ሕጉ አሥረኛው ላይ መሪ መቀየር ይፈቅዳልና መሰላሉን ጥራው። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ፈርቼ ነው። ገመዷ ካለች እጄ በአደባባይ ከእጅህ አጠገብ ይኖራል፤ ማንም ‹ምን አገባሽ› አይለኝም። ገመዷ ከሌለች እኔ ሸሚዝ ተኳሽ ነኝ። እናትህ የሚያዩኝ እንደ ምርኩዝህ ነው፤ ለምርኩዝ ደግሞ ሻይ አይቀዳም። እወድሃለሁ። ይህንን በአፌ አልነግርህም፤ አትጠብቅ።»

የሻዩ ነገር እንዲህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤቱ የምወስደው እኔ ነኝ። እናቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ እሳቸው ሳሎን በሩን ከፍተው ሻይ ይጠጣሉ። በአንድ ዓመት ከአራት ወር አንድ ቀን እንኳ «ቁጭ በይ» ብለውኝ አያውቁም። ጫማዬን ያያሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ «እየመጣ ነው» ይላሉ፤ አለቀ። ችሎት ነው የሚመስለው፤ እኔ ደግሞ ክሱ ያልተነበበልኝ ተከሳሽ።

መሰላሉ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከቁመቱ ነው። አልፎ አልፎ አብሮን ይሮጣል። እየሮጠ ያወራል፣ እያወራ አይደክመውም። ቅናት ያስይዛል።

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ደብዳቤውን አራት አጥፌ የጠበቃው ጫማ መያዣ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ወደ ቤቴ ስሄድ ደረቴ ቀልሎኝ ነበር።

*

ዓርብ ጠዋት ከአጠገቤ አንገትጌና እጅጌ የሚተኩሱት እትዬ በጎን አዩኝ።

«ዛሬ ፊትሽ በርቷል። ምን ተገኘ?»

«ጻፍኩለት።»

«ለጠበቃው? እልልል! ምን ብለሽ?»

«እውነቱን፣ እትዬ። አንድም ሳላስቀር።»

«ጎበዝ! እኔ በአንቺ ዕድሜ ይሄ ወኔ ቢኖረኝ ኖሮ ያንን ሰካራም አላገባም ነበር።» ሸሚዙን ገለበጡት። ውኃ ረጩበት። ከዚያ እጃቸው ቆመ። «ቆይ እንጂ፤ ማን ያነብለታል?»

«ምኑን?»

«ደብዳቤውን ነዋ!»

ካውያው እጄ ውስጥ ቀረ። እትዬ የሚሉትን ለመረዳት ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ የጨርቅ ቃጠሎ እስኪሸተን ድረስ ነው። ነጩ ሸሚዝ ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቡናማ ጠባሳ አወጣ።

«እኔ እኮ...» አልኩ። «እትዬ፣ ረሳሁት።»

«ምኑን ነው የረሳሽው?»

«አለማየቱን።»

እትዬ ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ዘጉት። አሾፉብኝ ብዬ ልቆጣ ብሞክርም አልሆነልኝም። በእጄ መንገድ ያሳየሁት እኔ፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ የጠራሁለት እኔ! የትኛው ሰው ነው ለዓይነ ስውር ደብዳቤ የሚጽፈው? አብሮት የማይውል ሰው እንኳ አይሳሳተውም።

«ቤቱ ውስጥ ማን አለ?» አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

«እናቱ ብቻ።»

«ዳኛዋ?»

«ዳኛዋ።»

«የሻዩን ነገር ጽፈሻል እንዴ?»

እትዬ ካውያዬን ከእጄ ወስደው ነቀሉት።

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ» አሉኝ።

*

ዓርብ አልደወለም። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እኔም ስልኬን አንስቼ ስንቴ እንዳስቀመጥኩት እግዜር ይቁጠረው። ምን ልለው? «ቦርሳህ ውስጥ ወረቀት አለ፤ እናትህ እንዳያዩት ደብቅ» ልበለው? ምናልባት ገና አላገኘውም ይሆናል። ምናልባት እናቱ አግኝተው ቀደውት ይሆናል። ከቀደዱት እሱ ስለተረከዜ አያውቅም፣ መሰላሉን አይጠራም፤ እሁድ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ማንም ሳይጠብቀን እንደርሳለን። ካነበቡለት ደግሞ፣ ሦስት ሳምንት የዋሸችው ሴት እንደሆንኩ ያውቃል። የትኛው እንደሚሻል ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። አንዱም አይሻልም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ድምፁ የእሱ አልነበረም።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መነሻው ላይ» አሉኝ ዳኛዋ። «እንዳታረፍጂ።»

«እሺ እትዬ... እ... ክብርት ዳኛ።»



«ደብዳቤሽ ደርሶናል» አሉና ዘጉት።

ደርሶናል። ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም የደረሰው። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ለመሸሽ አሰብኩ፤ አላፍርም፣ አስቤያለሁ። የማውቀው ነገር መሮጥ ብቻ ነውና ወዴት እንደምሮጥ አሰብኩ። ግን እኔ ካልሄድኩ እሱ እጁን ዘርግቶ ብቻውን ይቆማል። ይህ ሲታየኝ ከሌላው ፍርሃቴ ሁሉ በለጠብኝ።

*

እሁድ ጠዋት መነሻው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ፈስሷል። ከሩቅ አየኋቸው። ዳኛዋ ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ፣ በሌላው ትልቅ የወንድ ሰዓት። እሱ አጠገባቸው ቆሞ ጫማውን በእጁ እየዳበሰ ክሩን ያጠብቃል። ዳኛዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ እንደ ልማዳቸው ከጫማዬ ጀምረው። ዛሬ ግን ተረከዜ ላይ ቆዩ።

«ደህና አደሩ» አልኳቸው።

«ከውድድሩ በኋላ ከአንቺ ጋር ጉዳይ አለኝ» አሉኝ።

እሱ በድምፄ ዞረ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ያን ፊት አንድ ዓመት ከአራት ወር አጥንቼዋለሁ፤ ሲደክመው፣ ሲስቅ፣ ሲናደድ አውቀዋለሁ። ያን ጠዋት እንደተዘጋ በር ነበር። ገመዷን ሰጠሁት። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል።

«እንዴት አደርክ?»

«ደህና።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ስንሄድ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ሰዓቱ እንዳይሳሳት» አለኝ።

እንዲሁ የተባለ ሊሆን ይችላል። ቢላም ሊሆን ይችላል። በዙሪያዬ ረጅም ሰው ፈለግኩ፤ ያ የመሰላሉ ራስ ከሰው በላይ የሚታይ ነው። የለም። እንደገና አየሁ። የለም።

የማስጀመሪያው ሽጉጥ ጮኸ።

አንደኛው ኪሎ ሜትር፣ «ድፍን አራት!» እውነት ነበር። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ሁሉም እውነት። እግራችን እንደ አንድ ሰው ይመታል፤ ቀኜ ከግራው ጋር ይነሳል፣ ይወድቃል። «ቀኝ ኩርባ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ!» ስል ትከሻው ከትከሻዬ ጋር ይዞራል። እንደዚያ ስንሮጥ ማን እንደሚያይ ማን እንደማያይ አላውቅም፤ አለማየቱን የረሳሁትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ቀን ቢሆን ደስታ ነበር። ያን ቀን ግን እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ አሥረኛው የሚያቀርበኝ ደረጃ ነበር፤ ወደ ታች የሚወርድ።

ስድስተኛው ላይ ምስማሩ መጣ።

ሰባተኛው ላይ ሰዓቱን አየሁ። አራት ከአምስት። «ድፍን አራት» የምትለዋ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ ለምዳለች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ያዝኳት።

«ስንት?» አለ።

«አራት ከአምስት» አልኩ።

ጨመርን። ተረከዜ በእያንዳንዱ እርምጃ እስከ ጉልበቴ ይነዝረኛል። ስምንተኛው ላይ «አራት ከዘጠኝ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። አልፈውን ሲሄዱ የሌሎቹ ጫማ ድምፅ ይሰማል። የእሱ ትንፋሽ የተረጋጋ ነው፤ ገና ብዙ አለው። ገመዷ ተወጥራለች፤ በፊት እኔ ነበርኩ የምስበው፣ አሁን እሱ እየሳበኝ ነው። መሪ በሚመራው ሲጎተት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ እሱን የምጎዳው። ይህን ሰው ከሕልሙ የያዝኩት በገዛ ጣቴ ነው።

ፍርሃቴ ሞልቶ ፈሰሰ መሰለኝ።

«አልችልም» አልኩ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰማይ አልተደፋም።

«ድገሚው» አለ።

«አልችልም! ተረከዜ... ከአሥር በላይ አልችልም። ሰዓቱንም ዋሽቼሃለሁ። ሦስት ሳምንት።»

«አውቃለሁ።»

«ጉብታ! ... ምን አልክ?»

ጉብታውን ተሻገርን።

«አውቃለሁ። ሐሙስ ማታ ተነበበልኝ።»

«ሁሉም?»

«ዳኛ ናት። ማስረጃ አትቀንስም።»

«የምርኩዙም?»

«የምርኩዙም።» በአፍንጫው አየር አወጣ፤ ሳቅ ይሁን ድካም አልለየሁም። «ከዚያ በፊትም ጠርጥሬ ነበር። ምስክር ሲዋሽ ትንፋሹ ያጥራል። ሰዓት በነገርሽኝ ቁጥር ያጥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ሁለት ቀን ገደልከኝ እኮ! ግራ ኩርባ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ!»

ዞርን።

«ዓርብ ተቆጥቼ ነበር» አለ። «በጣም። የምታምኚው ሰው ዓይንሽ ሆኖ ሲዋሽሽ...» ቃሉን ትንፋሽ በላው። «ቅዳሜ ግን በአፍሽ እስክትነግሪኝ ልጠብቅ አልኩ። በጽሑፍ የተሰጠ ቃል በአንደበት ካልጸና አይቆምም።»

«አሁን ጸና?»

«አንዱ ጸና። ሌላው ይቀራል።»

የትኛው ሌላ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፊቴ ጋለ፤ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ይህ ይታየኛል? ዘጠነኛውን አለፍን፤ ከፊት አሥረኛው መጣ። ውድድሩ ሁለት ዙር ነውና መቀየሪያው እዚያው ከመነሻው ደጃፍ ነው። አስፋልቱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ተሰምሯል፤ መሪ የሚቀየረው በመስመሮቹ መሃል ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጪ ገመድ ከተለቀቀ ሯጩ ይሰረዛል። ከሰው ሁሉ በላይ አንድ ራስ ይታያል።

«መሰላሉ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«ትናንት ነው የደወልኩለት። ሌሊቱን ተረኛ ነበር፤ ከእሳት ነው የመጣው።»

መሰላሉ በረጃጅም እግሩ አጠገባችን ደረሰና እጁን ዘረጋ። «አምጪ እህቴ፤ ከዚህ በኋላ ለኔ! እስከ መጨረሻው አወራለታለሁ፣ ጆሮው እስኪደክም!»

ጫፌን ከጣቶቼ አውልቄ ለመሰላሉ ልሰጥ ስል ገመዷ አልሄደችም። ጠበቃው ሌላ እጁን ደርቦ ገመዷንም ጣቶቼንም ጨብጧል። ፍጥነቱም ቀነሰ።

«ልቀቅ!» አልኩት።

«ገመዷ ስትፈታ ትሄጃለሽ?»

«ምን?»

«ትሄጃለሽ ወይ? ጽፈሻል። ገመዷ ከሌለች እኔ ሸሚዝ ተኳሽ ነኝ ብለሻል።»

«ሰውዬ ሁለተኛው መስመር እየደረሰ ነው!» አለ መሰላሉ።

ከፊታችን ነጩ መስመር ሲጠጋ አየሁት። ይሰረዛል። በእኔ ምክንያት ሁሉም ነገር በዚህች አስፋልት ላይ ያልቃል። ከዳር አንድ ግራጫ ካፖርት ታየኝ፤ እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ ነው።

«አልሄድም!» ብዬ ጮህኩ። «የትም አልሄድም፤ ልቀቀኝ አንተ ግትር!»

ለቀቀኝ።

*

ሁለቱ ኩርባው ላይ ሲሰወሩ እጄ አየር ላይ ቀረ። ጣቶቼ እንደታጠፉ ነበሩ፤ ገመዷን የያዙ መስሏቸው። ነፋስ ሲነካቸው ነው ባዶ መሆናቸውን ያወቁት። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ካልሲዬ ውስጥ ተረከዜ እንደ ልብ ይመታል።

እንግዲህ ይኸው። አሥር ኪሎ ሜትር ድረስ ጎበዝ ነኝ። ከዚያ በላይ አይደለሁም። ይህን ለመናገር እንዴት ያለ ጊዜ ፈጀብኝ! እኔ ሩጫ ማለት አለማቆም ይመስለኝ ነበር። የቆመ ሰው የወደቀ ይመስለኝ ነበር። ልክን ማወቅ የሚያሳፍር መስሎኝ ስሸሸው፣ እግሬ ስር ያለውን ሰው ረግጬ ነው የሮጥኩት። አሁን ግን መሰላሉ እየመራው፣ እየፈጠነ ነው፤ ያለ እኔ። በዚህ መደሰት ነበረብኝ። ደስ ብሎኛልም። ግን እውነቱን እንድነግራችሁ ከፈለጋችሁ፣ ከደስታው ስር ያለው ፍርሃት ነው፤ ያለ እኔም ይሆናል ማለት ነውና።

ጥላ መጣብኝ። ቀና ስል ዳኛዋ ናቸው።

ልነሳ ስል እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ፤ ካፖርታቸውን ሰብስበው ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ፔርሙዛቸውን ከፈቱ። ክዳኑ ውስጥ ሻይ ቀዱ፤ እንፋሎቱ ወጣ። ወደ እኔ ዘረጉት።

«ለምርኩዝ ሻይ አይቀዳም ብለሻል» አሉ።

ስቀበል ጥቂት ሻይ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንዲያ ብዬ...»

«ጠጪ። ከዚያ ትናገሪያለሽ። እኔ ደግሞ ቅድሚያ የመናገር መብት አለኝ፤ በዕድሜም፣ በማዕረግም።»

ጠጣሁ። ምላሴን አቃጠለኝ፤ አልተነፈስኩም።

«አንድ ዓመት ከአራት ወር ሻይ ያልቀዳሁልሽ ንቄሽ አይደለም» አሉ ወደ መንገዱ እያዩ። «ፈርቼሽ ነው። ከአንቺ በፊት ሁለት መሪ ነበረው። አንዷ ቤተኛ ሆና ነበር፤ ሳሎኔ ውስጥ ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ቀረች። ልጄ ስድስት ወር ከክፍሉ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የሚሄድ ሰው አላለምድም አልኩ። ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ሲሄድ ቤቱ አይጎድልም።»

ከሻዩ ተጎነጨሁ።

«ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ» አሉ። «አርባ ዓመት የሰው ቃል አንብቤአለሁ፤ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ስለ ውሸትሽ አይደለም። እሱ ልጄን ይመለከታል፤ ከእሱ ጋር ጨርሱት። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ወረቀቱ ራሱ ነው።»

«ወረቀቱ?»

«ልጄ ዓይኑን ካጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰላምታ ሲሰጠው፣ ወንበር ሲስብለት፣ ሲያዝንለት፣ ሲያከብረው፣ አለማየቱን ሳያስታውስ አንዲት ነገር ያደረገለት ሰው የለም። እኔ እናቱም ጭምር።» ሰዓታቸውን በአውራ ጣታቸው አሹት። «አንቺ ረሳሽው።»

የሻዩን ክዳን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ወድቆ እንዳይሰበር ይሁን እኔ እንዳልሰበር አላውቅም። እንዲያ ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገዱን ስናይ፣ ሁለታችንም አንድ ሰው እንደምንጠብቅ፣ ሁለታችንም እኩል እንደምንፈራ ገባኝ።

*

መጀመሪያ የታየው የመሰላሉ ራስ ነው። ከዚያ እሱ፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ አፉ ተከፍቶ። ዳኛዋ ተነሱ፤ ልጃቸውን አይደለም፣ ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት። እኔ ሰዓቴን አላየሁም። በአንድ እግሬ ቆሜ «ና! ና! ና!» እያልኩ እጮሃለሁ። መስመሩን አለፈ።

«አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ» አሉ ዳኛዋ።

ስድስት ሰከንድ። ድንጋዩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «በሰባተኛው፣ በስምንተኛው ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን መሰላሉ ለመመረጥ እስከሚበቃ መልሶት ነበር፤ በየኪሎ ሜትሩ ይዤዋለሁ» አሉ። «መቀየሪያው ላይ እጅሽን ይዞ የቆየው ግን ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ያንን ማንም አልመለሰም።» ዞረው አዩኝ፤ ከጫማዬ ሳይጀምሩ፣ ቀጥታ ዓይኔን። «ዘጠኝ ሰከንድ በገዛ እጁ ሰጥቶሻል። በስድስት ሰከንድ ከቡድኑ ቀርቷል። ፍርዱን አንቺ ስጪ።»

መሰላሉ በክርኑ ይዞት ወደ እኛ ሲያመጣው አየሁ። እስከ ዛሬ ከማንኛውም ችሎት ፊት ልቀርብ ብገደድ እንደዚያ አልፈራም። ሕልሙን ያሳጣሁት ሴት ነኝ። ጥቂት ራቅ ብሎ ሲደርስ ግን ክርኑን ከመሰላሉ ነጠቀ።

«ተወኝ» አለው። «ኮረኮንች! የት ነሽ?»

ትንፋሼን ዋጥኩ፤ በትንፋሼ እንዳያገኘኝ።

«ስድስት ሰከንድ መሆኑን ሰምቻለሁ» አለ ወደ አየሩ። «ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ውድድር አለ። ሰከንድ ይገኛል። አንቺ ግን ካልተናገርሽ አላገኝሽም፤ ሰው በዝቷል። ምሪኝ።»

«ገመድ የለኝም» አልኩ።

ፊቱ ወደ እኔ ዞረ። ያ የተዘጋ በር ተከፈተ። «መች ገመድ ጠየቅኩሽ? ስንት እርምጃ ነው?»

«ስድስት። ቀጥታ።» አንዷን ተራመደ። «አምስት። ወደ ግራ ትንሽ፤ የእናትህ ፔርሙዝ አለ።» ዳኛዋ ፔርሙዙን አንስተው ደረታቸው ላይ አቀፉት። «አራት።» ከዚህ በላይ ቢቀርብ ልቤ ይሰማዋል፤ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። «ሦስት።» ቆመ።

«የቀረው ቃልስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ያልጸናው?»

«በአፌ አልልህም ብዬ ጽፌአለሁ።»

«ጽፈሻል። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም።»

ዳኛዋ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሩ። መሰላሉ እንኳ፣ ያ የማይዘጋ አፉ፣ ተዘጋ። ተረከዜ ይመታል። እጄ ባዶ ነው። በገመድ ያልታሰረ ሰው ፊቴ ቆሟል፤ መሄድ ይችላል፣ መቅረትም ይችላል። እኔም።

«ሁለት» አልኩ።

ተራመደ።

«እወድሃለሁ» አልኩ፣ «አንድ» ማለት ሲገባኝ።

የመጨረሻዋን እርምጃ ሳልቆጥርለት ተራመዳት። ጣቶቹ ጣቶቼን ሲያገኟቸው በመሃላቸው ምንም አልነበረም። በዕድሜዬ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም፤ ግን እግሬን ማንም «ሩጪ» ቢለው ከዚያች ድንጋይ ስር ንቅንቅ አይልም ነበር።